ኮዱ ክፍት ነው፤ ፋይሉንስ ማን ሠራው?

«ኮዱ ክፍት ስለሆነ አያሰጋም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ሁሉም ሊያነበው የሚችለው የምንጭ ኮድ አንድ ነገር ነው፤ አውርደው ኮምፒውተር ላይ የሚጭኑት ፋይል ደግሞ ሌላ። በሁለቱ መሀል ኮዱን ኮምፓይል የማድረግ ሥራ አለ። ያንን ሥራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ተጠቃሚው የማያውቀው ሰው ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. ኤክስዜድ በተባለው ፋይል መጭመቂያ ላይ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። ከሁለት ዓመት በላይ አመኔታ ሲያተርፍ የቆየ ተባባሪ ስውር የጓሮ በር ቀበረበት። በሩን የሚከፍተው ትእዛዝ ሁሉም በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ተሸጉጦ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የደረሰበት ከርቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ስላየ ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ሰው ራሱ ኮምፓይል ያድርግ ማለት አይደለም። እንደ ሊብሬኦፊስ ያለ ትልቅ ፕሮግራም በደካማ ላፕቶፕ ሰዓታት ይፈጃል። ዴቢያን የያዘው መንገድ ግን ለሌላውም ይሆናል፦ ከአንድ ኮድ ሁለት ወገኖች ለየብቻ ሠርተው ፋይሎቹ ፍጹም አንድ መሆናቸውን ያመሳክራሉ።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎች ይህን ማመሳከር ለተማሪዎቻቸው የተግባር ሥራ ቢያደርጉት፣ ተማሪው ሙያ ይማራል፤ ፕሮግራሙን የሚጠቀመው መሥሪያ ቤትም በስማ በለው ከማመን ይድናል። አንባቢ በሌለበት የኮድ ክፍትነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።