ኪራዩ በዶላር፣ ገቢው በብር

ጆሃንስበርግ አጠገብ ቶኮዛ ቀን ሱቅ እሸጣለሁ፤ ማታ ጌም መሥራት እማራለሁ። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜም ጀማሪ ነው። ሰሞኑን «የአዶቢን ወርሃዊ ክፍያ ቻልልኝ» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የፎቶሾፕን አዳዲስ እትሞች የሚያቀርበው በኪራይ ነው። በእኛ ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ኪራዩ ባይጨምርም ሸክሙ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ክራክ መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ደንበኛ ፈቃድ ሲጠይቅ ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ እምቢ አልኩት። ብሌንደር ነፃ ነው፤ በእሱ የተሠራው «ፍሎው» እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ወስዷል። ለጌም ጎዶት አለ፤ እሱም ነፃ ነው። ማሠልጠኛዎቻችንም ከእነዚህ ቢጀምሩ ጥሩ ነው፤ ኪራዩን ሥራው ራሱ ሲከፍል ያኔ እንከራያለን።