ፋየርዎል ከመግዛታችሁ በፊት

ዛሬም ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። ከፊቴ ብዙ መኪና ስላለ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት የማከብራቸው አንድ አባት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንተ ኢንጂነር ነበርክ። ለቤት ኮምፒውተር የትኛው ፋየርዎል ይሻላል? ዋጋው አያሳስብህ፣ ጠንካራውን ብቻ ንገረኝ» አሉኝ።

ዋጋው ለምን እንዳላሳሰባቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ስክሪናቸው ላይ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከነስልክ ቁጥሩ ወጣ። ደወሉ። ያነሳው ትሁት ሰው አንድ ፕሮግራም አስጫናቸው፤ በእሱ አማካይነት ኮምፒውተሩን ከሩቅ ተቆጣጠረና የባንክ አካውንታቸውን አስከፈታቸው። 2,300 ዶላር ሄደ። ለእህታቸው ሕክምና አገር ቤት ሊልኩት ያስቀመጡት ገንዘብ ነበር። አፍረው ለልጆቻቸው እንኳ አልነገሩም።

እኔም «ጋሼ፣ ምንም አይግዙ» አልኳቸው። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው።

ፋየርዎል የግቢ ዘበኛ ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣውን «ማን ጠርቶህ ነው?» ይለዋል፤ ከውስጥ የጠራው ከሌለ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህ ዘበኛ ነበረው፤ ግን ተኝቶ ነበር፣ ማለትም ፋየርዎሉ ጠፍቶ ነበር የሚመጣው። በ2003 ብላስተር የተባለው ዎርም ሰው ምንም ሳይጫን ኢንተርኔት ላይ ያገኛቸውን ብዙ ኮምፒውተሮች እየገባ አመሰ። በዓመቱ፣ በ2004፣ ማይክሮሶፍት ሰርቪስ ፓክ 2ን ሲያወጣ ፋየርዎሉ በርቶ እንዲመጣ አደረገ። ከዚያ በፊት ፋየርዎል መግዛት ትርጉም ነበረው። ዛሬ ግን ዘበኛው ከዊንዶውሱ ጋር ነው የሚመጣው። የቤታችሁ ራውተርም ያልተጠራውን ከአጥር ውጭ ያስቀረዋል።

«ነፃ ነገር ምን ይረባል?» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ተጨማሪው ፋየርዎል የትኛው ፕሮግራም ወደ ውጭ እንደሚወጣ በዝርዝር ያሳያችኋል፤ ለሚያውቀው ሰው ይጠቅማል። ግን ቀኑን ሙሉ «ልፍቀድ? ልከልክል?» እያለ ይጠይቃል። 12 ሰዓት ሠርቶ የገባ ሰው ደግሞ ሳያነብ «ፍቀድ» ብሎ ያልፋል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ የጋሼ ሌባ አጥር አልዘለለም። በሩን የከፈቱለት ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ግንኙነቱን የሚጀምረው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ዘበኛው «የባለቤቱ እንግዳ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። በሺህ ዶላር የተገዛ ፋየርዎል ቢጠይቃቸው እንኳ ሰውዬው በስልክ «ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ይጫናሉ።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ያዙና እነዚህን አድርጉ፦

- ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍታችሁ ፋየርዎሉ መብራቱን እዩ። ማክ ያላችሁ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ሥር ታገኙታላችሁ፤ ጠፍቶ ከሆነ አብሩት።
- የራውተሩን ማስተዳደሪያ የይለፍ ቃል ቀይሩ፤ አፕዴት ካለው አድርጉለት።
- ካፌና ኤርፖርት ዋይፋይ ስትጠቀሙ ዊንዶውሱ ላይ «ፐብሊክ» የሚለውን ምረጡ።
- የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 አሳድጉት።
- እውነተኛ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ «በዚህ ስልክ ደውሉ» አይልም። ብሮውዘሩን ዝጉት፤ እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን አጥፉት። ደውላችሁ ከሆነም ኢንተርኔቱን አቋርጡና ወዲያው፣ ከሌላ ስልክ፣ ለባንካችሁ ደውሉ። አንድ ሰዓት እንኳ ልዩነት አለው።

አሁን እነዚህን ስዘረዝር ለጋሼ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚሆንባቸው አውቃለሁ። ሦስት ሳምንት ያስጠፋቸው እውቀት ማጣት ብቻ አይደለም፣ እፍረት ነው። ልጆቻቸው ይቆጡኛል ብለው ፈሩ። እኛ ቴክኖሎጂ እናውቃለን የምንል ሰዎች ለወላጆቻችን «ይሄንንም አታውቂም?» ማለት ካላቆምን፣ የሚያጽናናና የሚታገሣቸው ሰው ሆኖ የሚቀርበው ያ በስልክ ያናገራቸው ትሁት ሌባ ነው። ዛሬ ማታ ደውሉላቸው። «ግራ የሚያጋባ ነገር ሲመጣ ከማንም በፊት ለእኔ ደውሉ፣ ሌሊትም ቢሆን» በሏቸው።

እኔ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ቤት እሄዳለሁ፤ ያ ፕሮግራም እስካሁን ኮምፒውተራቸው ላይ ነው።

ተራዬ ደረሰ። ሰላም ዋሉ።