በረዶ ባይኖረን ፌዝ ሞልቶናል

በየካቲት 1998 ዓ.ም. ሮቤል ተክለማርያም ቶሪኖ ላይ በበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር፣ በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ ደገመው። ሁለቱንም ጊዜ 15 ኪሎ ሜትሩን ጨረሰ፤ ከኋለኞቹ ተርታ።

«በረዶ በሌለበት አገር ይህ ምን ይሉታል?» ብሎ የሚያፌዝ ካለ፣ እስቲ ማለዳ ተነሥቶ ሱሉልታ ይውጣ። ሰበታም ይውረድ። በዚያ ብርድ የሚሮጡትን ወጣቶች አይቶ ይፍረድ። ከነዚያ ሁሉ ሜዳልያ የሚያጠልቁት ስንት ናቸው? የቀሩትስ የማን ልጆች ናቸው?

ወርቅ ያላመጣ ሁሉ መሳቂያ ከሆነ፣ የምንስቀው በሮቤል ብቻ አይደለም፤ በነዚህም ላብ ነው። ለአሸናፊ ብቻ ማጨብጨብማ ስፖርት መውደድ ሳይሆን አድርባይነት ነው።