ከከተማው ወሰን ማዶ፦ የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻና የዘላቂ ከተማ ፕላን

ስለ ዘላቂ ከተማ የሚቀርቡ ጥናቶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በከተማው ክልል ውስጥ ባለው ነገር ላይ ነው፤ በመንገዱ፣ በመኖሪያ ቤቱ፣ በአረንጓዴ ሥፍራው። ከተማ ግን ከወሰኑ ውጭ ባለ መሬት ጭምር ይኖራል። አዲስ አበባ ውሃዋን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ታገኛለች፤ ቆሻሻዋንም ወደ ውጭ መላክ ከሞከረች ቆይታለች። የዚህ ሙከራ ታሪክ እንደሚያሳየው የከተማ ፕላን ተግባራዊነት በጣም የሚፈተነው በወሰኑ ላይ ነው።

በተለምዶ ቆሼ እየተባለ የሚጠራው የረጲ ቆሻሻ መጣያ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ያኔ ከከተማው ዳር ነበር፤ በኋላ ከተማው አድጎ ከበበው። እርሱን ለመተካት በኦሮሚያ ክልል፣ በሰንዳፋ አካባቢ፣ በፈረንሳይ የልማት ድጋፍ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተገነባ። ሥፍራው በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት ቢጀምርም፣ የአካባቢው አርሶ አደሮች ስለ ሽታው፣ ስለ ውሃቸውና ስለ ከብቶቻቸው ባሰሙት ተቃውሞ ምክንያት በወራት ውስጥ ቆመ። የጭነት መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ በሥሩ ጎጆ ቀልሰው ከሚኖሩት መካከል ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአደጋው ቴክኒካዊ መንስኤ ምንም ይሁን ምን፣ ሊዘጋ ታቅዶ የነበረ ሥፍራ በዚያን ዕለት ክፍት ነበር።

የሰንዳፋው ሥራ የቆመው በወቅቱ በነበረው ፖለቲካዊ ውጥረት ነው፣ ጉድለቱም የፕላን አይደለም የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። እውነትነት አለው፤ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በሕዝብ ተቃውሞ የተሰረዘው በዚያው ዓመት ጥር ወር ነበር። ይሁን እንጂ ውጥረቱ ራሱ የተወለደው ከመሬትና ከወሰን ጥያቄ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49(5) ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ደንግጎ ዝርዝሩን ለሕግ ትቶታል። ሰንዳፋ ሲከፈት ያ ዝርዝር ሕግ አልወጣም ነበር። ረቂቁ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ታይቶ የተላለፈው በሰኔ 2009 ዓ.ም.፣ ከቆሼ አደጋ ሦስት ወር ያህል በኋላ ነው። መሐንዲሶቹ የፍሳሹን መከላከያ ንጣፍ ነድፈዋል፤ ጎረቤቱ ሸክሙን ስለ መሸከሙ ምን እንደሚያገኝ፣ ውሃው ቢበከል ማንን እንደሚከስ የሚወስን ተቋም ግን አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ እይታ ይህ ተቋም የፕላኑ አባሪ ሊሆን አይገባውም፤ እንደ ንጣፉ ሁሉ የግንባታው አካል ነው።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በረጲ የተመረቀው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ከዚህ ጥያቄ መውጫ መስሎ ታይቶ ነበር፤ ቆሻሻው ወሰን ሳይሻገር እዚያው ይቃጠላልና። ችግሩ የከተማው ቆሻሻ ጠባይ ነው። አብዛኛው የምግብና የአትክልት ተረፈ ምርት በመሆኑ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ቆሻሻ ደግሞ የሚሰጠው ሙቀት አነስተኛ ነው። ሊነድ ከሚችለውና ዋጋ ካለው ውስጥ ብዙውን ቆራሌዎች አስቀድመው ከየቤቱ ይሰበስቡታል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ጣሳው ኩባያ፣ ብረቱ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። (ይህን ሰንሰለት እንደ ከተማ መሠረተ ልማት ቆጥሮ የሚለካ ፕላን እስካሁን ብርቅ ነው።)

ስለዚህ የሚቀረው እርጥቡ ክፍል ነው፤ ለማቃጠል የማይመቸው ለኮምፖስት የተመቸ ነው። በየክፍለ ከተማው ከምንጩ ተለይቶ ቢብላላ ወደ ውጭ የሚላከው ጭነት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ወሰኑን የሚሻገረውም የማዳበሪያ ጭነት ሊሆን ይችላል። የማዳበሪያ ዋጋ ለሚከብደው አርሶ አደር ይህ የተለየ ድርድር ነው። ጥራቱ በማን ይፈተሻል፣ የመጓጓዣውን ወጪ ማን ይሸፍናል፣ ለአስተናጋጁ ወረዳ በቶን ስንት ይከፈላል የሚሉት ጥያቄዎች በግብርና፣ በሕግና በከተማ ፕላን ትምህርት ክፍሎች በጋራ ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው፤ ቀጣዩ የማስወገጃ ሥፍራ ከመመረጡ በፊት።