ልጅቷን ነው የለካነው ወይስ ድንጋዩን?

ባለፈው ክረምት ሐይቅ ከተማ ዘመዶቼ ጋ ሰንብቼ ነበር። እዚያ ልምምድ የምትሠራ አንዲት የአምባሰል ልጅ ከታዳጊዎች ምርጫ ተቀንሳ አገኘኋት። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሩጫዋ ይንገጫገጫል» ተብሎ። ሰዓቷን ያነሣ የለም።

እኔም የባዮሜካኒክስ ትምህርቱ ገና ትኩስ ነውና «ለምን አንለካውም?» አልኩ። የዛሬ ሞባይሎች ውስጥ አክስለሮሜትር የሚባል ሴንሰር አለ። እንቅስቃሴ በየቅጽበቱ ሲፈጥንና ሲገታ በሦስት አቅጣጫ ይመዘግባል። ይህ አክስለሬሽን ራሱ የሚቀያየርበት መጠን ጀርክ ይባላል፤ ጀርኩ ባነሰ መጠን እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው እንላለን። ስልኬን በመቀነት ወገቧ ላይ ጥፍር አድርገን አሰርን። (ከላላ የሚለካው የስልኩን ውዝዋዜ ነው!)

መጀመሪያ በሰፈሯ ድንጋያማ ቁልቁለት ሮጠች፤ ግራፉ የመጋዝ ጥርስ መሰለ። በማግስቱ ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ ሮጠች፤ ግራፉ ረገብ አለ። ያው ልጅ፣ ያው ጫማ!

በጀርክ ላይ ከተሠሩት ታዋቂ ጥናቶች አንዱ የፍላሽና የሆጋን ሲሆን በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ስለ ክንድ እንቅስቃሴ ነው። ስትሮክ የመታቸው ሕሙማን ክንዳቸው ምን ያህል እንዳገገመ ለማየትም በዚህ ዓይነት ልኬት ይሠራበታል። ግን ብርጭቆ ለማንሣት የሚዘረጋ እጅ መሬት አይመታም፤ ሯጭ እኮ በየእርምጃው ይመታል። ፍጥነት ሲጨምርም ጀርኩ አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ፈጣኗን ከዝግተኛዋ፣ የገደሉን ከሜዳው ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ሴንሰር ለፈረንጅ ነው» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በእኔ እምነት አንድን ሯጭ ከራሱ ጋር ማወዳደሪያ እናድርገው፤ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በልምምዱ መጀመሪያና ድካም ሲመጣ። ለመቀነሻ ግን አይሁን። ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት በመሮጥ የታጠፈችውን የኃይሌ ገብረሥላሴን ግራ እጅ አስቡ። በዚያች እጅ በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ አምጥቷል። በውበት ቢመረጥ ኖሮስ?

ልጅቷ ሁለቱን ግራፎች አይታ «ወንድሜ፣ ታዲያ ይኼን ለማን ልታሳይልኝ ነው?» አለችኝ። እስካሁን ስልኬ ውስጥ ነው ያሉት።