«ዜኦን ነው» ሲሏችሁ ቆጣሪያችሁን አስቡ

«ፋይሌ ክላውድ ላይ ስለሆነ አያሳስበኝም» የምትሉ ወገኖች፣ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጅቷል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግታ ኖራለች። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጧል። በእነዚያ ጊዜያት ሰነዱን ሁሉ ባሕር ማዶ ያስቀመጠ ሰው የቤቱን ውል፣ የድርጅቱን ሒሳብ፣ የልጁን ፎቶ ማየት አልቻለም። ፋይሉ አልጠፋም፤ መንገዱ ተዘጋ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኸው ነው።

ሌላው ጣጣ ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የክላውዱ ድርጅት አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ኪራያችሁ በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያውም ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ያገኘ ዕድለኛ ነው እንዲህ የሚያማርረው።

አቋሜን በግልጽ ልናገር። የሌላ ሰው ሰነድ የሚይዝ ሁሉ፣ የእድር ጸሐፊ ይሁን የሕግ ቢሮ፣ ፎቶ ቤት ይሁን የግል ትምህርት ቤት፣ ዋናውን ቅጂ በራሱ ጣሪያ ሥር ማኖር አለበት። ለዚህ አዲስ ዕቃ አያስፈልግም፤ ያገለገለ ዎርክስቴሽን ይበቃል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም በቤቱ ዋይፋይ ፋይሉ ይከፈታል።

ለምን ዎርክስቴሽን? ሌት ተቀን እንዲሠራ ታስቦ የተገጣጠመ ነው። ሃርድ ዲስክ የሚጨመርበት ቦታ አለው። ከሁሉ በላይ ኢሲሲ የሚባለውን ስህተት አራሚ ራም ይቀበላል። ራም ውስጥ አንዲት ቢት ብትገለበጥ ተራው ኮምፒውተር ሳያውቀው የተበላሸውን ዲስኩ ላይ ይጽፈዋል፤ ኢሲሲ ያለው ግን ያርመዋል። ከዳታ ሴንተር የወጣ የመደርደሪያ ሰርቨርስ? እሱ መኝታ ቤት አጠገብ ሲነሳ አውሮፕላን የተነሳ ይመስላል።

እዚህ ድረስ ብዙዎቻችን እንስማማለን። ጠቡ የሚመጣው ገበያ ስንወጣ ነው። ነጋዴው የሚያሞግሰው ትልቁን ነው፤ «ዜኦን ነው! 128 ጊጋ ራም ይችላል! ሰባት መቶ ዋት ፓወር ሰፕላይ!» እንደ ኤችፒ ዜድ 440፣ ዴል ፕሪሲዥን ቲ 5810 እና ሌኖቮ ቲንክስቴሽን ፒ 500 ያሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ገበያ የወጡ ማሽኖች፣ ለፊልም ቅንብርና ለምሕንድስና ሥራ ድንቅ ናቸው። የእድር መዝገብ ለማስቀመጥ ግን ሲኖትራክ ገዝቶ ዳቦ እንደ ማመላለስ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። እንዲህ ያለ ማሽን ምንም ሳይሠራ በርቶ ሲቀመጥ 80 ዋት ይበላል እንበል። በቀን 24 ሰዓት፣ በወር 30 ቀን ሲበራ 58 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የመብራት ታሪፋችን ደግሞ በእርከን ነው፤ ዝቅተኛው እርከን 50 ላይ ያበቃል። ማሽኑ ብቻውን፣ ምጣድና ፍሪጁ ሳይቆጠር፣ ያንን እርከን ጨርሶ አለፈው ማለት ነው።

ነጋዴው የሚንቀው ታናሽ ወንድሙ ነው የሚያዋጣው፤ ኤችፒ ዜድ 240፣ ዴል ፕሪሲዥን 3620፣ ሌኖቮ ፒ 310። አራት የራም ማስገቢያ አላቸው፤ ዜኦን ኢ3 ከተገጠመላቸው ኢሲሲም ይቀበላሉ። 30 ዋት ገደማ ቢበላ በወር ወደ 22 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ልዩነቱ በየወሩ ከኪሳችሁ የሚወጣ ነው፤ ነጋዴው ግን አንድ ቀን ሸጦላችሁ ይሄዳል።

«ዊንዶውስ 11 አይጭንም» ብለው ቢያስፈራሯችሁ ደስ ይበላችሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ በየአገሩ ቢሮዎች ደኅናውን ማሽን እየጣሉ ነው። ሰርቨራችሁ ሊነክስ ላይ ስለሚሠራ ይህ አይነካችሁም። ዋጋ መከራከሪያ አድርጉት።

ስትገዙ የምትጠነቀቁት፦

1. ራሙን። ለትልቁ ማሽን የተሠራው «ሬጅስተርድ» ኢሲሲ ታናሹ ላይ አይሠራም። በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ብራችሁን እንዳትጥሉ።

2. ፓወር ሰፕላዩን። የእነዚህ ድርጅቶች መሰኪያ የራሳቸው ነው፤ ተራው አይገጥምም። መለዋወጫውን ቀድማችሁ አፈላልጉ።

3. ባዮሱን። የይለፍ ቃል ከተቆለፈበት ተዉት። መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫም እዚያው ነው።

4. ዲስኩን። ማሽኑ ያገለገለ ይሁን፤ ዲስኩ ግን አዲስ። የሌላ ሰው ዲስክ ስንት ሺህ ሰዓት እንደሠራ ሳታዩ የልጃችሁን ፎቶ አታስቀምጡበት።

5. ዩፒኤስ። በእኛ መብራት ያለ ዩፒኤስ ሰርቨር ማቆም ቀልድ ነው።

«ቤት ቢቃጠልስ? ሌባ ቢወስደውስ? የጉግል ጥበቃ ይበልጣል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የእነሱ ሕንፃ ከእኛ ሳሎን ይበልጣል። ለዚህም ነው ዲስኩን በይለፍ ቃል መቆለፍ፣ ሁለተኛውን ቅጂ ደግሞ ሌላ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ግድ የሚሆነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። ከፈለጋችሁ ክላውዱም የተቆለፈ ሦስተኛ ቅጂ ይያዝላችሁ፤ ተጠባባቂ ይሁን እንጂ ባለቤት አይሁን።

የእድሩን መዝገብ አባቶቻችን በቁልፍ ሣጥን ያስቀምጡት ነበር፤ ሣጥኑ ከጸሐፊው ቤት፣ ቁልፉ ከዳኛው ዘንድ። ያ ጥንቃቄ ወረቀቱ ወደ ፋይል ስለተለወጠ አይሻርም። የእናንተ ማኅበር ሰነድ ዛሬ የት ነው ያለው? ኢንተርኔት ነገ ቢቋረጥ ማን ይከፍተዋል? በሚቀጥለው ስብሰባ ጠይቁ፤ መልስ ካጡ ይህን ጽሑፍ አስተላልፉላቸው።