ደብዳቤን የሚያያይዙ ትንንሽ ቃላት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ለነጻ የትምህርት ዕድል በእንግሊዝኛ የጻፈውን ማመልከቻ ይዞ መጣና «እማማ፣ እስቲ እዪልኝ» አለኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ሰባት «ሶ» ቆጠርኩ። የቀረው በ«ኤንድ» እና በ«ፕላስ» የተያያዘ ነው። ለጓደኛው በቴሌግራም የጻፈው ነው የሚመስለው።

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት በቱታ ትሄዳለህ?» ስለው ሳቀ። አብረን ተቀመጥን።

«ሶ»ን በ«ዜርፎር»፣ «ፕላስ»ን በ«ኢን አዲሽን»፣ አረፍተ ነገር የጀመረበትን «በት» በ«ሃውኤቨር» ተካን። «ቢኮዝ» ለደብዳቤም ለጨዋታም ስለሚሆን አልነካነውም። «ሃውኤቨር» ሲገባ ከእሱ በፊት ያለው ሐሳብ በነጥብ ወይም በድርብ ሰረዝ ይዘጋል፤ ከቃሉ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ይደረጋል።

አንድ ስህተት ደግሞ ከአማርኛችን ይዘነው የምንሄድ ነው። «ምንም እንኳ ቢያመኝም፣ ነገር ግን ተፈተንኩ» ብንል የሚቆጣን የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» ካልን «በት»ን አንደግምም፤ አንዱ ይበቃል።

ልጁ ይህን ሲሰማ በየመስመሩ «ሞርኦቨር» መደርደር ጀመረ። እሱም አይሆንም። ሐሳቡ ራሱ ከተያያዘ ቃል አይጨመርም። አሜሪካ ላለችው አክስቱም «ዜርፎር» እያለ ቢጽፍላት «ምን አስቀየምኩት?» ትላለች። ለእሷ «ሶ» ይበቃታል።

ለዚህ ነገር የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣት ነርስ ሳለሁ ለአንዲት ሕፃን ሪፈር ወረቀት በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። «ፔኒሲሊን ተወግታለች» አልኩና «ኤንድ» ብዬ «ሽፍታ አላት» ስል ቀጠልኩ። ሽፍታው የወጣባት ከመርፌው በኋላ ነበር፤ «አፍተር» ማለት ነበረብኝ። የተቀበላት ሐኪም ሽፍታውን የበሽታው ምልክት አድርጎ አነበበው። ያንኑ መድኃኒት ሊያዝላት ሲል እናቷ «ኧረ በዚህ መርፌ ነው እንዲህ የሆነችው!» ብላ አስቆመችው። ልጅቱን ያተረፋት የእናቷ አፍ እንጂ የእኔ ወረቀት አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ኤንድ» በጻፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አያለሁ።

ወላጆች፣ አያቶች፣ እንግሊዝኛ ባትችሉም ልጆቻችሁን መርዳት ትችላላችሁ። ልጁ የጻፈውን እያነበበ በየማያያዣው ላይ አስቁሙትና በአማርኛ ጠይቁት፤ «እዚህ ጋ ስለዚህ ነው ያልከው? ቢሆንም ነው? በተጨማሪ ነው? ወይስ ከዚያ በኋላ?» መልሱ ከጠፋው ቃሉ ያለቦታው ገብቷል ማለት ነው። ቀጥሎ «ይህን የሚያነብልህ ማነው?» በሉት። ዘመድ ከሆነ እንደሚያወራው ይጻፍ፤ የማያውቀው ሰው ከሆነ ቱታውን ይቀይር።

የእኛው ማመልከቻ ሰኞ ተልኳል። ከሰባቱ «ሶ» አንድም አልቀረም።